በጥሪ መካከል ስለ መውደቅ

በዚህ መጽሔት ገጾች ላይ ስለ ቡናችን፥ ስለ ደናችንና ስለ አባቶቻችን ወግ ብዙ ተጽፏል፤ እኛም ሁሉንም በደስታ ስናነብ ኖረናል። ዛሬ የምናቀርበው ግን ከዚያ ለየት ያለ ስለ ሆነ፥ አንባቢዎቻችን ጥቂት ትዕግሥት እንዲያደርጉልን አስቀድመን እንለምናለን። ነገሩ ስለ ኮምፒዩተር ነው። ይልቁንም ኮምፒዩተር የያዘውን ሥራ አቋርጦ ለሌላ ጥሪ መልስ በመስጠት ላይ ሳለ ድንገት ቢወድቅ፥ እንዴት አድርጎ ቢወድቅ ጉዳቱ ያንሳል? የሚለውን ጥያቄ ልናነሣ እንወዳለን።

ይህ የባለሙያዎች ጉዳይ ነው እንጂ ለጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ምኑ ነው? የሚል ሰው አይጠፋም። ነገር ግን በመቱም ሆነ በጎሬ፥ በሁሩሙም ሆነ በያዮ፥ በበደሌም ጭምር፥ ባለጉዳይ ገብቶ የሚወጣበት የመንግሥት ሥራ ዛሬ በዚህ መሣሪያ ላይ የተደገፈ ሆኗል። ማሽኑ ሲወድቅ የባለጉዳዩ ቀን አብሮ ይወድቃል፤ አንዳንድ ጊዜም መብቱ ይወድቃል። እኛ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችንን ጨርሰን በዚህ ሥራ ላይ የተሰማራን ስንሆን፥ ስለ ኮምፒዩተር የምናውቀውን የተማርነው ከትምህርት ቤት ይልቅ ከወንበራችን ነው። ስለዚህ የምንናገረው ጠይቆና አንብቦ እንደ ተረዳ ሰው ነው እንጂ እንደ ሊቅ አይደለም።

ኮምፒዩተር ሲከፈት ሥራውን ሁሉ የሚረከብ፥ እስኪዘጋም ድረስ የማይለቅ አንድ ፕሮግራም አለ። ባለሙያዎቹ ከርነል ይሉታል፤ የቃሉ ፍች የፍሬ አስኳል ማለት ነው። ሜሞሪውን የሚያከፋፍል፥ ፕሮሰሰሩን ለየፕሮግራሙ በተራ የሚያድል፥ ዲስኩንና ማተሚያውን የሚያዝ እርሱ ነው። የምንጽፍበት ፕሮግራም ቢወድቅ ከርነሉ ይቀብረዋል፤ ከርነሉ ራሱ ሲወድቅ ግን የሚቀብረው የለም።

አሁን ወደ ጥሪው እንምጣ። በእንግሊዝኛ ኢንተራፕት የሚባለው ቃል በቀጥታ ሲፈታ ማቋረጥ ማለት ነው። እኛ ግን ጥሪ ማለትን መርጠናል፤ ምክንያቱም ማቋረጥ ሲባል ሥራ ማሰናከል ይመስላል፤ ይህኛው ግን ሥርዓት ያለው መጥራት ነው። አንድ ጸሐፊ ደብዳቤ በመጻፍ ላይ ሳለ የአለቃው ደወል ቢጮኽ ምን ያደርጋል? የደረሰበትን መስመር በማስመሪያ ይይዛል፤ ብዕሩን ያስቀምጣል፤ ሄዶ የታዘዘውን ፈጽሞ ይመለሳል፤ ማስመሪያውን አንሥቶም ከዚያችው ቃል ይቀጥላል። ደብዳቤውን በኋላ የሚያነበው ሰው ጸሐፊው በመካከል ተነሥቶ እንደ ነበር አያውቅም። ፕሮሰሰሩም እንዲሁ ነው። አንዲት ፊደል በተመታች ጊዜ ኪቦርዱ ይጠራዋል፤ ዲስኩ የታዘዘውን አንብቦ ሲጨርስ ይጠራዋል፤ ከኔትወርክ መልእክት ሲደርስ ይጠራዋል፤ ሥራ በያዘበትም ጊዜ ሰዓት ቆጣሪው በየሴኮንዱ ከ100 እስከ 1000 ጊዜ ይጠራዋል። በተጠራ ጊዜ በእጁ የያዛቸውን ቁጥሮች በአንድ ስፍራ ያኖራል፤ በብዙዎቻችን ጠረጴዛ ላይ ባለው ዓይነት ፕሮሰሰር 256 መስመር ያለውን ሠንጠረዥ ተመልክቶም ለዚያ ጥሪ የተመደበውን አስተናጋጅ ያገኛል። አስተናጋጁ ጉዳዩን ከፈጸመ በኋላ ፕሮሰሰሩ ያኖረውን አንሥቶ ወደ ተወው ሥራ ይመለሳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ዐይን ተከድኖ እስኪገለጥ ከሚፈጀው ጊዜ እጅግ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው።

የጥሪ አስተናጋጅ የራሱ ወንበር የለውም። በተጠራበት ቅጽበት ይሠራ የነበረው ፕሮግራም ማንም ይሁን ማን፥ በእርሱ ወንበር ላይ ለጥቂት ጊዜ ይቀመጣል። ስለዚህም ብርቱ ሕግ ተደንግጎበታል። ይፍጠን፤ አይተኛ፤ ማንንም አይጠብቅ። ከዲስክ የሚመጣ ነገር አለና ልጠብቅ ቢል፥ የተዋሰውን ወንበር ይዞ ተኛ ማለት ነው፤ ባለ ወንበሩም ሥራውን አይቀጥል፥ የሚጠበቀውም ነገር መምጫ መንገዱ ይዘጋል። ረዥም ሥራ ያለው አስተናጋጅ ሥራውን ለሁለት ይከፍለዋል፤ አስቸኳዩን እዚያው ፈጽሞ፥ የቀረውን በኋላ እንዲሠራ መዝግቦ ይተወዋል። የሊኑክስ ከርነል ሠሪዎች የመጀመሪያውን የላይኛው እኩሌታ፥ ሁለተኛውን የታችኛው እኩሌታ እያሉ ይጠሩታል።

አሁን መውደቁን እንመልከት። ከርነሉ ለአንድ ፕሮግራም ጉዳይ በመሥራት ላይ ሳለ ስሕተት ቢያገኘው፥ ለምሳሌ የሌለ የሜሞሪ አድራሻ ቢነካ፥ ሊኑክስ ብዙ ጊዜ ያን አንዱን ፕሮግራም ገድሎ ሥራውን ይቀጥላል። ጉዳቱ አለ፤ ሌላው ግን ይተርፋል። በጥሪ መካከል የሆነ እንደ ሆነስ ማን ይገደል? የወንበሩ ባለቤት የነበረው ፕሮግራም በነገሩ የለበትም፤ ምናልባት በሰላም ደመወዝ ሲደምር የነበረ ነው። አስተናጋጁም ራሱን የቻለ ፕሮግራም ስላልሆነ ለብቻው የሚገደልበት መንገድ የለም። ከዚህም ሌላ አስተናጋጁ የወደቀው ባዶ እጁን ላይሆን ይችላል። ሌላ እንዳይገባበት የቆለፈው ክፍል ቢኖር ቁልፉን እንደ ያዘ ወድቋል፤ ሌሎቹ ፕሮሰሰሮች ደግሞ ያን በር እየነካኩ፥ ሳይተኙና ሳይሄዱ፥ መቼም የማይከፈተውን ሲጠብቁ ይቀራሉ። ስለዚህ ከርነሉ የወደቀው በጥሪ መካከል መሆኑን ባወቀ ጊዜ ለመዳን አይሞክርም፤ ማሽኑን በሙሉ ያቆማል። ይህን መቆም ፓኒክ ብለውታል፤ ትርጓሜው ድንጋጤ ነው። በእኛ አስተያየት ስሙ አልተስማማውም። የሚደነግጥ ሰው ምን እንደሚያደርግ አያውቅም፤ ይህ ግን እያንዳንዱ እርምጃው አስቀድሞ የተጻፈ ነው።

በክረምት ወራት በምንሠራበት ጽሕፈት ቤት የሆነውን እዚህ ላይ ብንናገር ነገሩን ግልጥ ያደርገዋል። ጡረታ የሚወጡ ሠራተኞች የአገልግሎት ዘመን ከወረቀት ፋይል ወደ ኮምፒዩተር ይገለበጥ ነበር። ሥራውን የያዙት ሁላችንም አዴ እያልን የምንጠራቸው፥ በመዝገብ ቤት ብዙ ዘመን የቆዩ እናት ናቸው። ማሽኑ በሁለት ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ሰማያዊ ገጽ እያሳየ ቆመ። በዚያ ሰሞን ከጎሬ የመጣ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ፥ የ31 ዓመት አገልግሎቱ ተጽፎ እንዲሰጠው በደጅ ላይ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። ዝናቡም አላባራ ብሎት ነበር። መቼም የጎሬንና የመቱን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ዝናብ የሚወርድበት አገር ነው።

ኃላፊያችን አንዱን ወጣት የኮምፒዩተር ባለሙያ አስጠሩና፥ «ይህን ሰማያዊ ነገር አጥፋልኝ፤ ቢወድቅም ሳያሳየን በራሱ ተነሥቶ ይሥራ» አሉት።

ወጣቱም አንገቱን ዝቅ አድርጎ፥ «ኦቦ፥ እንዲህ ማድረግ ይቻላል። በራሱ እንዲነሣ፥ ምንም ማስታወሻ እንዳይጽፍ አድርጎ ማዘዝ ቀላል ነው። ግን ከዚያ በኋላ ለምን እንደሚወድቅ እርስዎም እኔም አናውቅም» ሲል መለሰ።

በዚህ ጊዜ አዴ፥ «ልጄ፥ እኔ የማይገባኝ ሌላ ነው። የወደቀው በትንሽ ነገር ከሆነ ለምን አይቀጥልም? እኛ እንቅፋት ሲመታን ተኝተን እንቀራለን?» ብለው ጠየቁ። የሁላችንም ጥያቄ ይህ ነበር።

«አዴ፥ እግርዎን ቢመታዎት ይቀጥላሉ። ራስዎን ቢመታዎትና የሰው ስም ቢያደናግርዎት ግን ብዕሩን ይዘው መዝገቡ ላይ ይጽፋሉ? ይህ ማሽን የተመታው ራሱን ነው። ቢቀጥል የዚህን ሰው 31 ዓመት 13 ብሎ ይጽፍ ይሆናል፤ ወይም በሌላ ሰው ስም ላይ ያሰፍረው ይሆናል። ነገ ደግሞ መዝገቡ ንጹሕ መስሎ ይታያል።»

አዴ ጥቂት አሰቡና፥ «እንግዲያስ ይቁም» አሉ። ኃላፊውም ሳይወዱ ፈቀዱ።

ወጣቱ ማሽኑ በወደቀ ቁጥር በዲስኩ ላይ የተወውን ማስታወሻ ከፍቶ አነበበ። የወደቀው በገመድ አልባ የኔትወርክ መቀበያው ድራይቨር ውስጥ ነበር። በዊንዶውስ እያንዳንዱ ጥሪ ደረጃ አለው። ከፍ ባለ ደረጃ የሚሠራ አስተናጋጅ ወደ ዲስክ ወጥቶ የቈየ ሜሞሪ መንካት ክልክል ነው፤ ያን ለማምጣት መጠበቅ ያስፈልጋልና። ይህ ድራይቨር የማይነካውን ነክቷል፤ ሰማያዊው ገጽም ይህንኑ በሁለት መስመር ጽፎት ኖሯል፤ እኛ ማንበብ ትተን ማጥፋት ብቻ ነበር የፈለግነው። መቀበያው ተነቅሎ ማሽኑ በገመድ ተያያዘ፤ ከዚያ ወዲህም በዚህ ምክንያት አልወደቀም። በመጨረሻው ውድቀት ጊዜ ተጽፎ ያላለቀው መስመር በመዝገቡ ውስጥ አልተገኘም፤ አዴ ከወረቀቱ ፋይል እንደገና ጻፉት። የጎሬው ሰው አንድ ሌሊት በመቱ አድሮ፥ 31 ዓመቱን ይዞ ሄደ። ያ አንድ ሌሊት ለእርሱ ቀላል እንዳልነበረ አይተናል፤ ለአልጋ የከፈለውን የመለሰለትም የለም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ከርነል እንዴት በሥርዓት እንደሚወድቅ ለማወቅ ጓጉተን ብዙ አነበብን። የሊኑክስን ብንነግራችሁ እንዲህ ነው። የወደቀው ፕሮሰሰር ከሁሉ በፊት ጆሮውን ይደፍናል፤ ማለት ሌላ ጥሪ እንዳይገባበት ይዘጋል። ቀጥሎ ሌሎቹን ፕሮሰሰሮች ቁሙ ይላል፤ ከእነርሱ ውስጥ እርሱም ጆሮውን ደፍኖ የቆየ ቢኖር፥ ሊደፈን በማይቻል ልዩ ጥሪ ያቆመዋል። ይህ ሊደፈን የማይቻለው ጥሪ ለዚህ ዓይነቱ ቀንም ያገለግላል። የሆነውንም በማያው ላይ ይጽፋል። መጻፉ ራሱ አደጋ አለበት፤ ወደ ማያው የሚያስገባውን በር የቆለፈው ምናልባት ራሱ የወደቀው አስተናጋጅ ነው። ስለዚህ በዚህ ሰዓት ብቻ ቁልፍ እንዲሰበር ተፈቅዷል። በሌላ ቀን ወንጀል የሆነው በዚህ ቀን ሕግ ነው።

ከሚጻፉት ቃላት አንዱ አሳቀን። አንድ የጥሪ አስተናጋጅ እንደ ተራ ፕሮግራም ሊገደል በተቃረበ ጊዜ፥ ሊኑክስ ከመቆሙ በፊት የሚጽፈው ቃል በዋይታ የሚጀምር ነው፤ ወደ እኛ ቋንቋ ብናመጣው «ወይኔ! የጥሪውን አስተናጋጅ መግደል!» እንደ ማለት ነው። እንዲህ ያለ የልቅሶ ቃል በእንዲህ ያለ ደረቅ ጽሑፍ ውስጥ መገኘቱ፥ የጻፈው ሰው መሆኑን ያስታውሳል።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመን ግን ሳያደርግ የሚተወው ነገር ነው። በሜሞሪ ውስጥ ገና ወደ ዲስክ ያልተጻፈ ብዙ ሥራ አለ። ሰው ቢሆን፥ ሳልሞት ይህን ላስቀምጥ ይላል። ከርነሉ ግን አያስቀምጥም፤ እንዲያውም አለማስቀመጡን በዚያው በመጨረሻው መስመር ላይ ይናገራል። ምክንያቱም በሜሞሪው ያለው ነገር የተበላሸ ሊሆን ይችላል፤ ዲስኩ ላይ ያለው ደግሞ እስካሁን ደኅና ነው፤ አጠራጣሪውን በደኅናው ላይ መጻፍ ሁለቱንም ማጥፋት ነው። የቅርቡን ደቂቃ ሥራ ሠውቶ የዓመታቱን ያተርፋል። በመውደቅ ላይ ሳለ ዳግመኛ ቢወድቅስ? ለዚህም ታስቧል፤ በዛሬዎቹ ፕሮሰሰሮች ላይ ለሁለተኛው ውድቀት የተለየ፥ ያልተነካ የሜሞሪ ስፍራ ይመደብለታል። ሦስተኛ ጊዜ ከወደቀ ግን ፕሮሰሰሩ ተስፋ ቈርጦ እንደ አዲስ ይነሣል፤ የሚነገርም የሚጻፍም ነገር አይተርፍም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ስለ ውድቀቱ የሚመሰክር ማን ነው? እዚህ ላይ ስንደርስ ትዝ ያለችን ጎሬ ናት። የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ወደ አዲስ አበባ በቀረበ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከከተማዪቱ ተነሥተው ሄዱ፤ ከተማዪቱም ሚያዝያ 27 ቀን ተያዘች። ነገር ግን የመንግሥቱ መቀመጫ ወደ ጎሬ እንዲዛወር ተወስኖ ስለ ነበረ፥ በቢትወደድ ወልደ ጻድቅ የሚመራ ጊዜያዊ መንግሥት በዚያ ቆመ፤ ልዑል ራስ እምሩም ወደዚያው መጡ። ጎሬ ከመካከሉ የራቀች፥ በጋምቤላ በኩል ለሱዳን መውጫ የቀረበች፥ የእንግሊዝ ቆንስል የሚቀመጥባት ከተማ ነበረች። ያ መንግሥት የቆየው ለጥቂት ወራት ብቻ ነው፤ ራስ እምሩም በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተያዙ። ሆኖም መካከሉ በወደቀ ጊዜ በአገሪቱ ስም ደብዳቤ የሚጽፍ አንድ ስፍራ ነበረ። ምሳሌያችን በሁሉ ነገር የሚገጥም አይደለም፤ ጎሬ ያሉት ሰዎች ለመዋጋት ነበር እንጂ ለመመስከር ብቻ አልተቀመጡም። ነገር ግን ከውድቀት በፊት ሩቅ ስፍራ መርጦ ማዘጋጀት የሚለው አሳብ አንድ ነው።

ሊኑክስ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ2005 ጀምሮ ይህን የመሰለ ዘዴ አለው፤ ኬ ደምፕ ይባላል። ማሽኑ ሲከፈት ከሜሞሪው አንዱ ክፍል ይከለላል፤ በዚያም ሁለተኛ፥ ትንሽ ከርነል ይቀመጣል። ዋናው ከርነል በሕይወቱ ዘመን ሁሉ በዚያ ክፍል አይጠቀምም። በወደቀ ጊዜ ግን በመጨረሻ እርምጃው ፕሮሰሰሩን ለዚያ ለተኛው ያስረክባል። ሁለተኛው ይነሣል፤ የራሱን የዲስክ ድራይቨር ይዞ የመጣ ስለ ሆነ ከሟቹ እጅ ምንም አይቀበልም፤ የሟቹን ሜሞሪ እንደ ሟች ንብረት ቈጥሮ ወደ ዲስክ ይገለብጣል፤ ከዚያም ማሽኑን እንደገና አስነሥቶ ይጠፋል። ዊንዶውስም ማስታወሻውን ሲጽፍ በዕለት ሥራው የሚጠቀምበትን የዲስክ መንገድ ትቶ ለዚሁ ቀን ብቻ በተዘጋጀ ሌላ መንገድ ይጽፋል። ያ ወጣት ባለሙያ ያነበበው በዚህ መንገድ የተጻፈውን ነው።

በዚህ ጉዳይ ሊቃውንቱ አንድ ቃል አይደሉም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1991 በሄልሲንኪ ሊኑክስን የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ ራሱ፥ ከርነል ሠሪዎች ለጥቃቅን ስሕተት ሁሉ ማሽኑን እንዲያቆሙ አይወድም፤ ማስጠንቀቂያ ጽፎ መቀጠልን ይመርጣል። ማሽኑ የቆመበት ሰው መልእክቱን እንኳ ለማንበብ ሳይችል ይቀራል ባይ ነው። ሌሎች ደግሞ፥ በተለይ ገንዘብና መዝገብ የሚጠብቁት፥ ማንኛውም የከርነል ስሕተት ማሽኑን ያቁመው ብለው ያዛሉ፤ ለዚህም ከርነሉ ውስጥ የተለየ ትእዛዝ አለ። እኛ የመዝገብ ሰዎች ነንና ወደ ሁለተኞቹ እናደላለን። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን አንባቢዎቻችን ያስታውሳሉ። ጠላት ገብቶበት ሳይሆን በራሱ ሲስተም ላይ በተፈጠረ ችግር፥ አንድ ሌሊት ደንበኞች በሒሳባቸው ከሌለው በላይ ማውጣት ቻሉ፤ ባንኩ 801 ሚሊዮን ብር ያህል መወሰዱን ገለጸ፤ ገንዘቡን ለማስመለስም ብዙ ደከመ። ያ የከርነል ጉዳይ አልነበረም፤ ነገር ግን ማመሳከር ያቆመ ሲስተም መክፈሉን ሳያቆም ሲቀር ምን እንደሚሆን ያሳያል።

መቆም ብቻውን እንደማይበቃም በዚያው ዓመት ታየ። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የላከው አንድ የተበላሸ ፋይል በከርነል ውስጥ የሚሠራውን ፕሮግራሙን ጣለው፤ በዓለም ዙሪያ 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ማሽኖች ቆሙ። አቋቋማቸው በሥርዓቱ ነበር። ነገር ግን ፋይሉ ማሽኑ በተነሣ ቁጥር የሚነበብ ስለ ነበረ፥ ተነሥተው እንደገና ወደቁ፤ ደግመው ተነሥተው ደግመው ወደቁ። ብዙዎቹ የተፈወሱት ሰው ወደ እያንዳንዱ ማሽን ሄዶ ያን ፋይል በእጁ ሲያጠፋ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው፥ ሆስፒታሉ ሁሉ የሚጠብቀው እጅ ነበረ።

ለእኛ ለኢሉባቦር ከተሞች ደግሞ አንድ የተለየ ጉዳይ አለ። ሁለተኛው ከርነል የሟቹን ሜሞሪ ለመገልበጥ ጊዜ ያስፈልገዋል። 8 ጊጋ ባይት ሜሞሪ በሴኮንድ 100 ሜጋ ባይት በሚጽፍ ዲስክ ላይ ሲገለበጥ ከአንድ ደቂቃ ከሩብ ይበልጣል፤ በትልቅ ሰርቨር ላይ ደግሞ ብዙ ደቂቃ ይሆናል። ባዶ የሆኑትን ገጾች እየለየ የሚጥል ፕሮግራም ስላለ ሥራው ያጥራል፤ ቢሆንም ጨርሶ አይቀርም። በክረምት ነጐድጓድ፥ መብራት በሄደ በመጣ ቁጥር፥ ይህች ደቂቃ እጅግ ረዥም ናት፤ ከርነሉ በሥርዓት ወድቆ፥ ምስክሩም በሥርዓት ተነሥቶ፥ ቃሉን በመስጠት ላይ ሳለ መብራት ቢጠፋ የሚነበብ ነገር አይገኝም። ስለዚህ በእነዚህ ከተሞች ሰርቨር የሚያቆም ሰው የዩፒኤስ ባትሪ ሲመርጥ፥ ሠራተኛው ጽሑፉን አስቀምጦ ማሽኑን እስኪዘጋ የሚፈጀውን ደቂቃ ይቈጥራል፤ በዚያ ላይ ሁለተኛው ከርነል ጽፎ እስኪጨርስ ያለውን ሊጨምርበት ይገባል።